«ቅጣቱ በዛ» ብለው ከመክሰስዎ በፊት

የስንብት ደብዳቤ የደረሰው ሰው አፉን ሲከፍት የሚለው ነገር የታወቀ ነው፤ «ለዚህች ጥፋት እንዴት ከሥራ እባረራለሁ?» ይላል። ሐቅ ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በደቡብ ጎንደር ነፋስ መውጫም ሆነ አርብ ገበያ፣ ወገዳም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ የወረዳ ፍርድ ቤት ቀርበው ክስዎን በዚህች ጥያቄ ላይ ብቻ ካቆሙት የመሸነፍ ዕድልዎ ሰፊ ነው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ዳኛውን «ጥፋቱንና ቅጣቱን መዝን፣ ከከበደህ አቅልለው» አይለውም። ለስንብት የሚያበቁ ጥፋቶችን ዘርዝሮ አስቀምጧል፤ ዳኛው በቅድሚያ የሚያየው ድርጊቱ ከዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ነው። የቅጣት ተመጣጣኝነት የለም ማለት ግን አይደለም። በሕጉ ቃላት መካከል ተበትኖ ስላለ ፈልጎ ማውጣትን ይጠይቃል።

ሌላ አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሕንድ በ1971 እ.ኤ.አ. የኢንዱስትሪ ክርክር ሕጓን ስታሻሽል፣ ስንብቱ ከጥፋቱ ጋር ካልተመዛዘነ ችሎቱ ሰርዞ ቀለል ያለ ቅጣት እንዲተካ በግልጽ ሥልጣን ሰጠችው። የእንግሊዝ ችሎት ደግሞ «እኔ ብሆን አሰናብት ነበር ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ምክንያታዊ የሆነ አሠሪ እንዲህ ሊወስን ይችል ነበር ወይ?» ይላል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም ያጸደቀችው 158ኛው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ሠራተኛ ያለ በቂ ምክንያትና ራሱን ለመከላከል ዕድል ሳያገኝ እንዳይሰናበት ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ግን የዕለት ተዕለቱ ክርክር የሚካሄደው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ ስለዚህ ክስዎ በአዋጁ ቋንቋ መናገር አለበት።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛዎ ይለዩ

በግል ድርጅት፣ በባንክ፣ በሥራ ተቋራጭ፣ በኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅት ተቀጥረው የሚሠሩ ከሆነ በጥቅሉ የሚገዛዎ አዋጅ 1156 ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ከሆኑ በአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይዳኛሉ፤ መንገዱ የተለየ ስለሆነ ከታች ለብቻው እመለስበታለሁ። የመቅጠርና የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ያለዎት «የሥራ መሪ» ከሆኑ ደግሞ አዋጅ 1156 አይመለከትዎትም፤ ጉዳይዎ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። አሠሪዎች ይህን መከራከሪያ በጣም ይወዱታል። «ኃላፊ» የሚል ማዕረግ የተለጠፈበትን የመጋዘን ሠራተኛ ሁሉ የሥራ መሪ ነው ለማለት ይሞክራሉ። ዳኛው ማየት ያለበት የመደቡን ስም ሳይሆን በተግባር የነበረዎትን ሥልጣን ነው፤ የሥራ መዘርዝርዎን ይዘው ይቅረቡ።

በዚህ አካባቢ ሊታለፍ የማይገባው ሌላው ጉዳይ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔም ያለችበት፣ በየደብሩ መሪጌታና ዲያቆን የሚያገለግልበት አገር ነው። የሰበር ሰሚ ችሎት መንፈሳዊ አገልግሎት የሚሰጡትን በአስተዳደር ሥራ ላይ ካሉት ለይቶ ተመልክቷል። የደብሩ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ሊከራከር ይችላል፤ መሪጌታው ግን ያው በር እንደማይከፈትለት አውቆ አቤቱታውን በቤተ ክህነት መዋቅር ቢጀምር ይሻለዋል።

ደብዳቤውን ይያዙ፣ ቀን ይቁጠሩ

የስንብት ደብዳቤ ሲሰጡዎ አልቀበልም ብለው አይጣሉት። ሲረከቡ በመረከቢያው ላይ ቀኑንና «በይዘቱ አልስማማም» የሚለውን ጽፈው ይፈርሙ። «በፈቃዴ ለቅቄአለሁ» በሚል ወረቀት ላይ ግን፣ ክፍያ ቶሎ ይለቀቅልሃል ቢሉዎትም፣ አይፈርሙ። በቃል «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ከተባሉ በማግስቱ በሥራ ሰዓትዎ ምስክር ይዘው በሩ ላይ ይገኙ፤ ካላስገቡዎት በዚያው ቀን በጽሑፍ ጠይቀው ቅጂውን ያስቀሩ። አለዚያ ከሳምንት በኋላ «ሠራተኛው ራሱ ነው የቀረው» የሚል መልስ ይጠብቅዎታል።

አሁን ሁለት ዓይነት ቀን ይቁጠሩ። የመጀመሪያው የእርስዎ ነው፤ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች 6 ወር አላቸው። ብዙ ሰው ሽማግሌ ሲልክ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ሲጽፍ ሦስት ወሩ ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን መዝገብ ቤት ይግባ።

ሁለተኛው የአሠሪው ነው። ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካላሰናበተ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ያልፋል። በመስከረም የታወቀ ጉድለት በጥር የስንብት ምክንያት ሆኖ ከመጣ፣ ስለ ጥፋቱ መኖር አለመኖር ሳይከራከሩ በዚህ ብቻ ሊያሸንፉ ይችላሉ። ስለዚህ አሠሪው መቼ እንዳወቀ የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የኦዲት ሪፖርት ወይም ማብራሪያ የተጠየቁበት ደብዳቤ፣ ከሁሉም ወረቀትዎ በላይ ዋጋ አለው።

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ፍርድ ቤትም ሥራ ሲያቋርጥ ቀኑ ያለፈበት ሰው ይኖራል። አዋጁ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የዘገየን ክስ ችሎቱ ሊቀበል እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን እንቅፋቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ክሱ መቅረብ አለበት። መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ይሂዱ፤ መዘጋቱንም የሚያስረዳ የቀበሌ ወይም የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማስረጃ ይያዙ።

ተመጣጣኝነት የሚገባባቸው ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር የአዋጁ አንቀጽ 27 ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች እዚህ ተዘርዝረዋል፤ አብዛኞቹም የክብደት መለኪያቸውን በራሳቸው ቃል ይዘዋል። ማርፈድ የሚያሰናብተው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ከሆነ ነው። መቅረት የሚያሰናብተው እንዲሁ በጽሑፍ እየተነገረው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ከሆነና መቅረቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ሲሆን ነው። አምባጓሮ የሚታየው እንደ ነገሩ ክብደት ነው። የንብረት ጉዳት ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የደረሰ መሆን አለበት። ዝቅተኛ የሥራ ውጤት የሚያሰናብተው ሠራተኛው ችሎታው እያለው ውጤቱ በተደጋጋሚ ከተወሰነው መጠን ወይም ጥራት በታች ሲሆን ነው። የእርስዎ «ቅጣቱ በዛ» የሚለው አቤቱታ ሕጋዊ ስም የሚያገኘው እዚህ ነው፦ «ቸልተኝነቱ ከባድ አይደለም»፣ «የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም»፣ «አምባጓሮው ለስንብት የሚያበቃ ክብደት የለውም»።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንከተል። ነፋስ መውጫ ላይ የሚሠራ የመጋዘን ጠባቂ እናቱ ወገዳ ላይ አረፈች። ሰኞ ማለዳ ለአለቃው ስልክ ደውሎ ሄደ። ከቀብር በኋላ መንገድ ተዘጋና ሥራ የገባው በሳምንቱ ነው፤ ስድስት የሥራ ቀን ጎድሏል። በበሩ ላይ የጠበቀው ደብዳቤ «ከአምስት ቀን በላይ በመቅረትዎ በአንቀጽ 27(1)(ለ) መሠረት ተሰናብተዋል» ይላል። ይህ ሰው ችሎት ቀርቦ «እናቴ ሞታብኝ ነው፣ ይህ ግፍ ነው» ብሎ ቢያለቅስ ዳኛውም ያዝንለታል። ኀዘኑ ግን መዝገቡን አያዘጋም። መከራከር ያለበት እንዲህ ነው። አንደኛ፣ አንድም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠውም፤ ሕጉ ቀን ብቻ ቆጥሮ አያሰናብትም። ሁለተኛ፣ በአንቀጽ 81 ወላጅ የሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ስላለው ከስድስቱ ሦስቱ ይወጣሉ። ሦስተኛ፣ ያው አንቀጽ ለተለየና ከባድ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጣል፤ የመንገዱ መዘጋት እዚህ ሊገባ ይችላል። የቀረበት ቀን በሙሉ በፈቃድ ከተሸፈነ የስንብቱ መሠረት ፈረሰ ማለት ነው። የስልክ ጥሪውን መዝገብ፣ የቀበሌ የሞት ማስረጃና አብሮት ለቅሶ የሄደ የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ያያይዛል። በቀድሞው አዋጅ 377/1996 ያለ በቂ ምክንያት አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን መቅረት ብቻውን ለስንብት ይበቃ እንደነበር ላስታወሰ፣ የአሁኑ ሕግ ቃል ለሠራተኛው ምን ያህል እንደሚጠቅም ይገባዋል። እስካሁን በአሮጌው ሕግ ልማድ ደብዳቤ የሚጽፍ የሰው ኃይል ክፍል አይጠፋም።

አንዳንዶቹ ጥፋቶች ግን ደረጃ የላቸውም። የአሠሪን ንብረት ያለ ፈቃድ ከሥራ ቦታ መውሰድ፣ ሰክሮ ሥራ መግባት፣ በሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም እዚህ ይመደባሉ። «የወሰድኩት አንድ ኪሎ ሚስማር ነው» የሚል መከላከያ ላይ ብዙ አይተማመኑ። የተሻለው መንገድ ድርጊቱን ራሱን መከራከር ነው፤ ፈቃድ ነበረ ወይ? ተረፈ ምርት ሲወሰድ የቆየ ልማድ አለ ወይ? ለራስ ጥቅም የማዋል ሐሳብ ነበረ ወይ? እዚህ ላይ ሕጉ ጠንካራ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከሚገባው በላይም ጠንካራ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ ያገለገለን ሰው አንድ ጊዜ ካጠፋ ጀማሪ የሚለይ ቃል ቢጨመርበት ጥሩ ነበር። ሆኖም ግልጽ ዝርዝር መኖሩ ጠበቃ እንደ ልብ ለማይገኝበት ወረዳ ሠራተኛ የራሱ ጥቅም አለው፤ አዋጁን ገዝቶ አንብቦ የት እንደቆመ ማወቅ ይችላል።

ሁለተኛው በር የኅብረት ስምምነቱና የድርጅቱ የሥራ ደንብ ነው። በእነዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቅጣት መሰላል አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛ የደመወዝ ቅጣት፣ ለሦስተኛ ስንብት እያለ ይሄዳል። አሠሪው ራሱ የጻፈውን ደረጃ ዘሎ ከሆነ፣ ስለ ተመጣጣኝነት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። የደንቡን ገጽ ቅጂ አያይዘው «በመጀመሪያው ጥፋት በሦስተኛው ቅጣት ተቀጣሁ» ይበሉ። በተቃራኒው አሠሪው አዋጁ ላይ የሌለ ጥፋት ከሥራ ደንቡ አውጥቶ ካሰናበተዎ አንቀጽ 27ን ይዘው ይከራከሩ፤ አንቀጹ ከራሱ ዝርዝር ውጭ ለሚጨመር የስንብት ምክንያት የጠራው የኅብረት ስምምነትን ነው። የሠራተኛ ማኅበር በሌለበት ትንሽ ድርጅት ሥራ አስኪያጁ ብቻውን የጻፈው ደንብ ያንን ቦታ አይተካም።

ሦስተኛው በር መጨረሻ ላይ ነው፤ አንቀጽ 43። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ በኋላ ችሎቱ ወደ ሥራ ይመለስ ወይስ በካሳ ይሰናበት የሚለውን ይመርጣል። እርስዎ መመለስ ቢፈልጉም ግንኙነቱ ቢቀጥል ከባድ ችግር የሚፈጥር ከሆነ ካሳ ብቻ ሊወስን ይችላል። ዳኛው የጥፋቱን መጠን፣ የአገልግሎትዎን ዘመንና ከአለቃዎ ጋር ያለዎትን ሁኔታ የሚያመዛዝነው እዚህ ስለሆነ የምስጋና ደብዳቤዎን፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤትዎን፣ የደረጃ ዕድገትዎን ለዚህ ያስቀምጡ። የስንብትዎ ምክንያት የማኅበር አባልነትዎ፣ እርግዝናዎ፣ ሃይማኖትዎ ወይም በአሠሪው ላይ አቤቱታ ማቅረብዎ ከሆነ ግን ነገሩ ከሚዛን ይወጣል፤ በአንቀጽ 26 የተከለከለ ስለሆነ መመለስ የእርስዎ ምርጫ ነው።

ማስረጃ

ለስንብቱ ሕጋዊ ምክንያት መኖሩን የሚያስረዳው ያሰናበተው አሠሪ ነው። ይህ ግን እጅዎን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አያደርግዎትም። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የተጻፉልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ ፎቶ ተነሥተው በእጅዎ ይኑሩ። አሠሪው ዘንድ ያለና የማይሰጥዎ ሰነድ፣ ለምሳሌ የሰዓት መቆጣጠሪያ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ወይም የግል ማኅደርዎ፣ ካለ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብልዎ በክሱ ላይ ይጠይቁ። የማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር ይያያዛል፤ በኋላ አመጣዋለሁ ማለት ብዙ አያስኬድም። ምስክር ሲመርጡ ያዩትንና የሰሙትን የሚናገሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፤ «ጥሩ ሰው ነው» ብለው የሚመሰክሩ አሥር ሰዎች ችሎቱን ያሰለቻሉ እንጂ ክሱን አያጠነክሩም።

ዳኝነት ሲጠይቁ

አማራጭ ዳኝነት ይጠይቁ። በአንደኛ ደረጃ ስንብቱ ሕገ ወጥ ተብሎ ከውዝፍ ደመወዝ ጋር ወደ ሥራ ልመለስ፤ ይህ ካልሆነ ደግሞ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ። መመለስን ብቻ ጠይቆ ዳኛው መመለስ አይገባም ቢል ባዶ እጅ መውጣት አለ።

ገንዘቡን አስልተው ይጻፉ። በወር 6,000 ብር እየተከፈለው ላልተወሰነ ጊዜ ተቀጥሮ 4 ዓመት የሠራን ሰው እንይ። ወሩን በ30 ቀን ብናካፍል የቀን ደመወዙ 200 ብር ነው። ካሳው የቀን ደመወዙ በ180 ተባዝቶ 36,000 ብር ይሆናል። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ስለሆነ 12,000 ብር ይጨመራል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀጣዮቹ ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሦ ስለሆነ 6,000 እና 6,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ነው። ሁሉም 60,000 ብር መጣ። ወደ ሥራ ይመለስ ከተባለ በሥር ፍርድ ቤት የሚወሰንለት ውዝፍ እስከ 6 ወር ድረስ ነው፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መመለሱን ካጸና እስከ 1 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አሠሪው ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል የነበረበትን ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ አለ፤ እሱንም ሳይረሱ ይጠይቁ።

ችሎቱና ይግባኙ

ክሱ የሚቀርበው ሥራው በሚሠራበት ወረዳ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። የዳኝነት ክፍያ አይጠየቁም። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዝዛል፤ በተግባር ቀጠሮ ይበዛል። ያልተስማማ ወገን በ30 ቀን ውስጥ ደብረ ታቦር ላለው የደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል፤ እዚያ የተሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለ ብሎ ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት መሄድ ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በሕግ ትርጉም ላይ የሚሰጠው ውሳኔ ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ፣ አሁንም በአዋጅ 1234/2013፣ በየትኛውም ደረጃ ያለን ፍርድ ቤት ይገዛል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፤ የእርስዎን የሚመስል ካገኙ ቅጂውን ያያይዙ። ጠበቃ የማይችሉ ከሆነ የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ

እዚህ ተመጣጣኝነት በግልጽ የሚነሣ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ ራሱ ቅጣቶችን ቀላልና ከባድ ብሎ ከቃል ማስጠንቀቂያ እስከ ስንብት በደረጃ አስቀምጧቸዋል። ስንብት የመሰላሉ ጫፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ክሱ በጽሑፍ ደርሶዎት በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መልስ ሰጥተዋል ወይ? ጥፋቱስ ከከባዶቹ የሚመደብ ነው ወይ? ኮሚቴው ያቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ ሆኖ ኃላፊው ወደ ስንብት ከፍ አድርጎት ከሆነ ቃለ ጉባኤውን ማግኘት የክርክርዎ ልብ ነው። አቤቱታው በቀጥታ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ በቅድሚያ የክልሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ያየዋል። ከዚያ በኋላ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት የሚያልፈው የሕግ ስሕተት ጥያቄ ነው። ይህ ማለት ምስክርዎና ሰነድዎ የሚሰሙበት ዋናው ቦታ የመጀመሪያው ነው፤ እዚያ ያላስመዘገቡትን ነገር በኋላ ደብረ ታቦርም ባሕር ዳርም አያገኙትም።

ደብዳቤው በዚህ ሳምንት ከደረሰዎ ዛሬውኑ ሦስት ቅጂ ያስነሡ፣ ሦስት ወሩ የሚሞላበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉበት፣ ክስዎንም ከዚያ ቀን አንድ ወር አስቀድመው ያስገቡ።